የወገብ መሳቢያ ማሽኑ ለአባቴ ይጠቅማቸው ይሆን? (ከነመልሶቹ)

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለእናንተ ይሁን የወሎ ልጆች፤ አገር ቤት ያላችሁም ባሕር ማዶ ያላችሁም። ስለ አባቴ ምክር ፈልጌ ነው።

አባቴ የ68 ዓመት ሰው ናቸው፤ ኩታበር የሚያርሱ ገበሬ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ትንሽ መንገድ እንደሄዱ ሁለቱም እግራቸው ይከብዳቸዋል፤ ከዳሌያቸው ጀምሮ ያቃጥላቸዋል፤ ባታቸው ይደነዝዛል። ድንጋይ ፈልገው ቁጭ ሲሉ ወይም ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሲይዙ ይለቃቸዋል። ተነስተው ሲሄዱ ደግሞ መልሶ ይይዛቸዋል። የገረመኝ፣ ዳገት ሲወጡ እምብዛም አያማቸውም፤ የሚብስባቸው ቁልቁለት ሲወርዱ ነው። ሶላት ላይም እንዲሁ፤ ቆመው ሲቆዩ እግራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሩኩዕ ሲወርዱ፣ ጎንበስ ሲሉ ማለት ነው፣ ግን ፊታቸው ፈታ ይላል። ይህን ከኋላቸው ሆኜ ስሰግድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ኤምአርአይ አስነሳናቸው። በወገባቸው በ4ኛውና በ5ኛው አከርካሪ መካከል የነርቭ መተላለፊያው ጠቧል፤ ስፓይናል ስቴኖሲስ ነው ተባልን። አዲስ አበባ ያለ አንድ ክሊኒክ ደግሞ ያለ ቀዶ ጥገና የጠበበውን የሚከፍት የዲኮምፕሬሽን ማሽን አለን፣ 20 ጊዜ ይመላለሱ፣ ክፍያው ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ ነው አለን። አባቴ ሁለቱን በሬዎች እሸጣለሁ ብለዋል። በሬ የሸጠ ገበሬ ለመጪው ክረምት ምን እንደሚጠብቀው ለእናንተ አልነግርም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህ ማሽን የጠበበ የነርቭ መተላለፊያ ይከፍታል ወይ? በእሳቸው ዕድሜ፣ በዚሁ በሽታ የሞከረው ሰውስ አለ ወይ?

(መልሶቹ በዝተዋል፤ አንዳንዶቹም በድምፅ የተላኩ ነበሩ። ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመች በየተራቸው፣ በራሴ አባባል እያሳጠርኩ አስቀምጫቸዋለሁ። ስም አልጠራሁም።)

መልስ 1

የመጀመሪያዋ ከሐይቅ የጻፈች እህት ናት። አብሽር ብላኝ፣ ለአባቴ ዱዓ አድርጋ፣ እናቷ ደግሞ በእስጢፋኖስ ስም እንደሚጸልዩላቸው ጨመረች። ስለ ማሽኑ የምታውቀው ነገር የለም። ወጌሻ ነክቷቸው እንደሆነ ግን ጠየቀች። ያኔ ቀላል ጥያቄ መስሎኝ አልፌው ነበር፤ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

መልስ 2

ከኮምቦልቻ አንድ ወጣት በሙሉ ልብ ሽጡና ሂዱ አለ። ፋብሪካ ውስጥ ጭነት ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ ብሎ፣ ሕመሙ በቀኝ እግሩ እስከ ትንሿ ጣቱ ወርዶ፣ ጫማውን ሚስቱ ታስርለት እንደነበር ተረከ። አልጋው ላይ አስተኝተው፣ በደረቱና በዳሌው ቀበቶ አስረው፣ ማሽኑ ሳብ ለቀቅ እያደረገ ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆየው እንደነበር፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ወደ ሥራው እንደተመለሰ ጻፈ። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ሊያደርጉለት አስበው እንደነበርና ማሽኑ ከቢላዋ እንዳዳነው ያምናል። ጽሑፉ ውስጥ አንድም የማጋነን ቃል አላየሁም። ለአባቴ ከልቡ አዝኖ ነው የጻፈው።

መልስ 3

ሦስተኛው የሁለተኛውን አድራሻ ጠየቀ። ከሥሩም ብዙ ሰው አድራሻ እያለ ተከተለው። እነሱን በቁጥር አላስገባኋቸውም።

መልስ 4

ደሴ የሚሠሩ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ረጅም ጽሑፍ ላኩ። ከመልሶቹ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

ዳገቱና ሩኩዑ ራሳቸው በሽታውን እንደሚናገሩ በማስረዳት ጀመሩ። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ወይም ወደ ኋላ ሲለጠጥ በወገብ አከርካሪ ውስጥ ያለው የነርቭ ቦይ ይጠባል፤ ጎንበስ ሲል ይሰፋል። ዳገት የሚወጣ ሰው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ቁልቁለት የሚወርድ ግን እንዳይወድቅ ወደ ኋላ ይለጠጣል። አባቴ ከበሽታቸው ጋር የተግባቡት ይህን ሳያነቡ በሰውነታቸው አውቀውት ነው። የኔዘርላንዱ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሄንክ ፈርቢስት እ.ኤ.አ. በ1954 ስለዚሁ ሕመም ሲጽፍ፣ ሲቆሙና ሲራመዱ እግራቸው የሚከብዳቸውን፣ ሲያርፉ የሚሻላቸውን ሰዎች ነበር የገለጸው።

ቀጥለው ቦዩን ምን እንደሚያጠበው ዘረዘሩ። በዕድሜ ብዛት አከርካሪን ከአከርካሪ የሚያያይዙት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ያብጣሉ፣ አጥንትም ያበቅላሉ። ከቦዩ ጀርባ ያለው ቢጫ ጅማት ይወፍራል። በአከርካሪዎቹ መካከል ያለው ትራስ፣ ዲስኩም፣ ይሟሽሽና ወደ ኋላ ይገፋል። አንዳንዴ አንዱ አከርካሪ በሌላው ላይ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛው አጥንትና ጅማት ነው። በየዓመቱ ምርጊት እየተደረበበት የጠበበ በር ጣራውን ወደ ላይ ስለሳቡት እንደማይሰፋ ሁሉ፣ የወፈረ ጅማትና የበቀለ አጥንትም ወገብን በመሳብ አይቀንስም። ሲሳብ ለጊዜው ትንሽ ፋታ ሊገኝ ይችላል፤ ሰውየው ከአልጋው ወርዶ ሲቆም ግን ቦዩ እንደነበረው ነው።

ማሽኑ ኮምፒውተር ይኑረው እንጂ በመሠረቱ ትራክሽን ነው አሉ፤ ወገብን በመሳብ የማከም ሐሳብ ደግሞ ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ግምገማ 32 ጥናቶችን፣ በድምሩ 2,762 ታካሚዎችን አይቶ፣ ትራክሽን በወገብ ሕመም ላይ ያመጣው ለውጥ ወይ ምንም ወይ ጥቂት እንደሆነ ደምድሟል፤ ሕመሙ ወደ እግር ቢወርድም ባይወርድም። ያ ግምገማ ስለ ወገብ ሕመም በጥቅሉ እንጂ በተለይ ስለ ቦይ መጥበብ እንዳልሆነ ራሳቸው አስታወሱ። ስለ ቦይ መጥበብ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የሰሜን አሜሪካ የአከርካሪ ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መመሪያ፣ ትራክሽን ይደረግ ወይም አይደረግ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም ተብሏል። እንግዲህ ሁለት በሬ የሚያሸጥ ማስረጃ የለም ማለት ነው። ይህን የመጨረሻውን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው እንዲህ አላሉም።

መልስ 5

አንዲት ነርስ ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደችን፤ በመውሰዷም አመሰግናታለሁ። እንደ እኛ ባለ አገር የወገብ ሕመም ሁሉ የእርጅና እንዳልሆነ፣ የአከርካሪ ቲቢ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ እንደሚታወቅ አስጠነቀቀች። ማታ ማታ ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ሌሊት ተኝተው የማያስተኛ ሕመም፣ ጀርባ ላይ ጉብ ያለ ነገር መኖሩን ጠየቀች። በአባቴ ዕድሜ ላለ ወንድ ከፕሮስቴት ወደ አጥንት የሚዛመት ካንሰርም መታሰብ እንዳለበት ጨመረች። ቲቢ የበላው፣ ካንሰር የገባበት ወይም የሳሳ አከርካሪ በማሽን መሳብ አደጋ ነው። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ስለሚሰጥ ገንዘብ ፈርቶ የሚዘገይ ሰው እንዳይኖር ለመነች።

ሁለት ነገር ደግሞ በጥብቅ አሳሰበች። አንደኛው፣ በሄድንበት ሁሉ ለአባቴ የሚወጋላቸው የሕመም ማስታገሻ፣ የዲክሎፌናክ መርፌ፣ ግፊት ላለበት ሽማግሌ ኩላሊትና ጨጓራ ላይ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ የእግራቸው የደም ሥር ትርታ ይለካ አለች። የእግር ደም ሥር ሲጠብም መራመድ ያሳምማል፤ ያኛው ግን ቆም ሲሉ ብቻ ይለቃል፣ መቀመጥና መጎንበስ አያስፈልገውም።

ሁለተኛውን ወጣትም በትሕትና ዕድሜውንና ኤምአርአዩ ምን እንዳለ ጠየቀችው።

መልስ 6

ሚኒሶታ የሚኖሩ አንድ ጋሼ፣ ትውልዳቸው ወልድያ የሆነ፣ በዚያው ማሽን ራሳቸው እንደታከሙ ጻፉ። ያሉበት ሁኔታ ከአባቴ ጋር ተመሳሳይ ነው። አልጋው ላይ እያሉ ይቀላቸው ነበር፤ አንዳንዴም እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር። ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ግን እግራቸው እንደ ድሮው ይከብዳል። የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር፣ ለዚህ ሕክምና ስለማይከፍል ሁሉንም ከኪሳቸው ነው የከፈሉት።

ክሊኒኮች በማስታወቂያቸው ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) የፈቀደው ሲሉ ሰው እንዳይታለል አብራሩ። ኤፍዲኤ ማሽኑን ያሳለፈው ከዚህ በፊት ገበያ ላይ ካሉ የትራክሽን መሣሪያዎች ጋር ተመሳሳይ ነው ብሎ ነው፤ ስቴኖሲስን ያድናል ብሎ አልመሰከረም። እኔም የክሊኒኩን ወረቀት አውጥቼ አየሁት፤ ያ ቃል ከላይ በትልቁ ታትሟል።

መልስ 7

እዚህ ላይ ነው ድምፁ የተለወጠው። ሰባተኛው፣ ከደሴ ፒያሳ አካባቢ የጻፈ ሰው፣ አራተኛውን ባለሙያ ማሽን ስለሌላቸው ነው ማሽን የሚያጣጥሉት አለ። የሚኒሶታውን ጋሼ ደግሞ እዚያ ሁሉን ሞክሮ ጠግቦ እዚህ ላለው ድሃ ቻለው እያለ ይመክራል ብሎ ተቆጣ። ለእኔም ደረሰኝ፤ ለአባትህ በሬ ከሳሳህ ምኑን ልጅ ሆንክ አለኝ። ከዚህ የከፋም ነበረበት፤ እሱን አልጽፈውም። የመድረኩ ኃላፊ አንድ ጊዜ አስጠነቀቀው።

መልስ 8

ከላሊበላ አካባቢ አንድ ዲያቆን ክርክሩን ሳይነካ አልፎ የአያቱን ነገር አነሳ። አያቱ ቅዳሴ ላይ መቋሚያቸውን ከፊታቸው ተክለው፣ ደረታቸውን በላዩ አሳርፈው እስከ ፍጻሜው ይቆማሉ። መቋሚያውን ሰው ሲዋሳቸው ግን ከወንጌል በኋላ መቆም ያቅታቸዋል። ቤተሰቡ ድካም ነው ይል ነበር፤ እሱም የአራተኛውን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ አያቱን ሊያስመረምር ወስኗል።

የእኔ አባት በሩኩዕ፣ የእሱ አያት በመቋሚያ። እንባዬ መጣ።

መልስ 9

የኮምቦልቻው ወጣት ተመልሶ መጣ። ነርሷ የጠየቀችውን በቅንነት መለሰ። ዕድሜው 34 ነው። ኤምአርአዩ የሚለው የዲስክ መውጣት ነው፤ በመጨረሻው የወገብ አከርካሪና በዳሌው አጥንት መካከል። መጥበብ የሚል ቃል የለበትም። ቁጭ ሲል ይብስበት እንደነበር፣ መቆምና መራመድ ይሻለው እንደነበርም አስታወሰ። ይህ ከአባቴ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ይህን መልስ ከሁሉም በላይ ዋጋ እሰጠዋለሁ። ብዙ ሰው አድራሻ እየጠየቀው፣ የእኔ በሽታ ሌላ ነው ብሎ በአደባባይ መጻፍ ቀላል አይደለም።

መልስ 10

ፊዚዮቴራፒስቱ የሰባተኛውን ስድብ ሳያነሱ ለወጣቱ መለሱ። የወጣ ዲስክ ወደ እግር የሚልከው ሕመም በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ጥገና ይቀንሳል፤ የወጣውም ክፍል ብዙ ጊዜ እየሟሸሸ ይሄዳል። ስለዚህ ማሽኑ ረድቶት ይሁን ጊዜው ደርሶ፣ ከአንድ ሰው ታሪክ መለየት አይቻልም። የእሱ መዳን እውነት ነው፤ ግን በእሱ በሽታ የተገኘ ውጤት ለ68 ዓመት ሰው የቦይ መጥበብ ምስክር አይሆንም።

አንድ ነገርም ጨመሩ፤ ኤምአርአይ ብቻውን በሽታ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ጥናት ምንም ወገባቸውን ከማያማቸውና ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል 21 በመቶው በምስል ላይ የጠበበ ቦይ ተገኝቶባቸዋል። ፎቶውን ከሰውየው አረማመድ ጋር አስተያይቶ የሚያይ ሐኪም ያስፈልጋል ማለት ነው።

መልስ 11፣ 12 እና 13

እዚህ ላይ ወሬው ከመንገዱ ወጣ። አንዱ አባቴን በአውቶቡስ እንዳልወስዳቸው መከረ፤ ከደሴ አዲስ አበባ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወገብ ይገድላል በማለት። ሌላው ጣርማበር ላይ ወርደው እንዲያርፉ፣ ደብረ ብርሃን ላይ እንዲያድሩ ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ስለ መንገዱ፣ ስለ መኪና ዋጋ፣ ስለ ማደሪያ ረጅም ወሬ ተከተለ። ነርሷ በመካከል ገብታ፣ ቁጭ ማለት የሚብሰው ለዲስክ ሕመምተኛ እንደሆነ፣ ለስቴኖሲስ ሰው ግን ዕረፍት እንደሆነ አስተካከለች።

አሥራ ሦስተኛዋ፣ ከከሚሴ፣ በቦርከና ሸለቆ ያለውን ፍል ውሃ አነሳች። አባቷ ገብተው ሲወጡ ሰውነታቸው ይፍታታል። ማንም አልተቃወማትም፤ ሙቀት የተኮማተረ ጡንቻን እንደሚያፍታታ ፊዚዮቴራፒስቱም ተስማሙ። ጠበል የሚያስጠምቁም እንዲሁ ጻፉ፤ ጸበሉም ዱዓውም ሕክምናውን እስካላስቀረ ድረስ ማን ምን ይላል።

መልስ 14

ወጌሻው እዚህ መጣ። ከመርሳ የጻፈ ሰው፣ አንድ ወጌሻ አጎቱን በደረታቸው አስተኝቶ፣ ጀርባቸው ላይ በእግሩ ቆሞ እንዳሻቸው፣ አጎቱም ለሁለት ቀን ተሽሏቸው እንደነበር ጻፈ። ነርሷ በዚህ መልስ ላይ ሳታመነታ ተቆጣች። በደረት ተኝቶ ጀርባን ወደ ታች መጫን ወገብን ወደ ኋላ ያለጥጣል፤ ያም ቦዩን ይበልጥ የሚያጠብበው አቅጣጫ ነው። አጥንቱ የሳሳ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ አከርካሪው ሊሰበር ይችላል። ወጌሻ የወለቀ ክንድ ሲመልስ ያየ ሰው ያከብረዋል፤ እኔም አከብረዋለሁ። የሽማግሌ ወገብ ላይ ግን አይቁምብን።

የመጀመሪያዋ እህት የጠየቀችኝም ለካ ይህንኑ ፈርታ ነበር። አባቴን ወጌሻ አልነካቸውም።

መልስ 15

በወጣትነታቸው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሠሩ፣ አሁን ወደ ቦረና ሳይንት የተመለሱ አባት ያልጠበቅነውን ነገር አመጡ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ያን ውሃ ለብዙ ዓመት የጠጡ የወንጂ ሠራተኞች ጥርሳቸው ከመበለዙም በላይ አጥንታቸው ወፍሮ፣ ጅማታቸው ድንጋይ ሆኖ፣ የአከርካሪ ቦያቸው የጠበበባቸው ነበሩ። አብረዋቸው ከሠሩት ሰዎች አንገታቸውን ማዞር ያቃታቸውን ያስታውሳሉ። አባቴ ቆላ ወርደው ሠርተው እንደሆነ ጠየቁኝ። አልሠሩም፤ ከኩታበር ርቀው አልኖሩም። ግን ይህን የሚያነብ፣ ወላጁ በስምጥ ሸለቆ እርሻ ወይም ፋብሪካ የኖሩለት ሰው ለሐኪሙ ይንገር።

መልስ 16

እናቷ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው አንዲት ሴት፣ ቢላዋ ብላችሁ አታስፈራሩ ብላ ጻፈች። እናቷ ከቤት ደጃፍ እስከ ጉሊት መድረስ አቅቷቸው ነበር። ሐኪሙ ከቦዩ ጀርባ ያለውን አጥንትና የወፈረውን ጅማት አንስቶ ለነርቩ ቦታ ሰጠው። አሁን ገበያ ደርሰው ይመለሳሉ። የወገብ ሕመማቸው ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ የቀለላቸው እግራቸው ነው። ይህን መለየት እንደሚያስፈልግ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር። በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 መሆኑን ጠቅሳ፣ ወረፋው ቢረዝምም ባለሙያ የለም የሚባልበት ጊዜ እንዳለፈ ተናገረች።

ፊዚዮቴራፒስቱ ከሥሯ ሁለት ነገር አከሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ለቀዶ ጥገና የተዘጋጁ 169 የስቴኖሲስ ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሹ ቀዶ ጥገና ግማሹ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ተመድቦላቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ ሆነ። ለእንቅስቃሴው ከተመደቡት ከግማሽ በላይ ግን በመካከሉ ወደ ቀዶ ጥገናው ተሻግረዋል፤ ስለዚህ ጥናቱ አንዱ ሌላውን ይተካል ለማለት አይበቃም፣ እንቅስቃሴን ቀድሞ መሞከር ግን ኪሳራ እንደሌለው ያሳያል። ሁለተኛው በወገብ ስለሚወጋው የስቴሮይድ መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የ400 ታካሚዎች ጥናት፣ ስቴሮይድ ከማደንዘዣ ጋር የተወጉትና ማደንዘዣ ብቻ የተወጉት በስድስተኛው ሳምንት ይህ ነው የሚባል ልዩነት እንዳላሳዩ አግኝቷል።

መልስ 17

ሰባተኛው ሰው ተመለሰ። አሁንም ቁጡ ነው፤ ቁጣው ግን ሌላ ነበር። ማሽኑ አይሆንም፣ ወጌሻው አይሆንም፣ መርፌው አይሆንም፣ ቀዶ ጥገናው ወረፋ ነው፤ እንግዲያው እናቴን ምን ላድርጋት ብሎ ጠየቀ። እናቱ ዓመታት ከቤት አልወጡም። ገንዘብ ቋጥሮ ለዚያው ክሊኒክ ሊከፍል ተዘጋጅቶ ነው እዚህ የገባው።

ያኔ ገባኝ። የሰደበን ተስፋውን ስለነካንበት ነበር።

መልስ 18

ፊዚዮቴራፒስቱ ለዚህ የመለሱት ረጅም ነው፤ ግማሹን ብቻ የሚያነብ እንዳይኖር የቻልኩትን ያህል አስገባለሁ።

ለእናቱም ለአባቴም መጀመሪያ በሐኪም መታየት፣ ከዚያ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ያህል በየቀኑ መሥራት። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ በጀርባ ተኝቶ፣ በሁለት እጅ አንድ ጉልበት ወደ ደረት መሳብ፣ ወደ ሠላሳ እስኪቆጠር ይዞ መቆየት፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሁለቱንም በአንድ ላይ። ቀጥሎ ጉልበትን አጥፎ፣ ሆድን ወደ ውስጥ ስቦ፣ በወገብና በፍራሹ መካከል ያለው ክፍተት እስኪጠፋ ወገብን ወደ ታች መጫን። እጅ በክፍተቱ ገብቶ መውጣት ካልቻለ ልክ ነው። የዳሌ ፊት ጡንቻ ሲኮማተር ወገብን ወደ ኋላ ስለሚያጎብጠው እሱንም ማፍታታት ያስፈልጋል። በደረት ተኝቶ ቀና ማለት፣ ለሌላ የወገብ ሕመም የሚታዘዝ ቢሆንም፣ ለዚህ አይሆንም።

መራመድ አይቅር፣ ግን በአንድ ትንፋሽ አይሁን። ሕመሙ ከመበርታቱ በፊት ቁጭ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሲለቅ እንደገና መሄድ። በትሩ ትንሽ አጠር ቢል ሰውየው ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ይቀለዋል። ብስክሌት የሚያገኝ ሰው ቢነዳ ጥሩ ነው፤ ጎንበስ እያለ እግሩን ያሠራል። ገበሬ ሲያርስ እርፍ ይዞ ስለሚያዘነብል ብዙ ላያመው ይችላል፤ የሚጎዳው ጆንያ ተሸክሞ ቁልቁለት መውረዱ ነው። ለማሽን የሚከፍል ሰውም ቢኖር፣ ሙሉውን በቅድሚያ አይክፈል፤ አጥንቱ የሳሳ፣ ቲቢ ወይም ካንሰር ያለበት፣ ወገቡ ውስጥ ብሎን የገባለት እንዳይሳብ ሳይመረምር የሚያስተኛ ክሊኒክ ካለ ተነስቶ ይውጣ።

ሰባተኛውን ሰው ደግሞ እናቱን በሚቀጥለው ሳምንት ይዟቸው እንዲመጣ፣ ካልቻሉ እሳቸው ቤት ድረስ እንደሚሄዱ ጻፉለት። እሱም ለቀደመው ንግግሩ ይቅርታ ጠየቃቸው። ተቀበሉት።

መልስ 19

ይህ የእኔ ነው። በሬዎቹ አልተሸጡም። አባቴ የቲቢና የፕሮስቴት ምርመራ ተደርጎላቸው ነጻ ናቸው፤ የእግራቸው ትርታም ደህና ነው። ዲክሎፌናኩን ሐኪሙ አስቁሟል። ከቤታችን እስከ መስጊዱ ባለው መንገድ ላይ ወንድሜ ሁለት ቦታ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጦላቸዋል፤ እየተቀመጡ ይደርሳሉ። ቆመው መስገዱ ሲከብዳቸው ወንበር ላይ ሆነው እንዲሰግዱ ኢማሙ ነግረዋቸዋል፤ መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም አሁን ለምደውታል። እግራቸው እየደከመ ከሄደ ስለ ቀዶ ጥገና ከሐኪም ጋር እንነጋገራለን።

መልስ 20

ውይይቱ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ማምሻውን ከወረኢሉ አንዲት ልጅ የዚያን ክሊኒክ አድራሻ ጠየቀች። እናቷ ተመሳሳይ በሽታ አለባቸው፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በጭናቸው መካከል፣ ሲቀመጡ ወንበር የሚነካው ቦታ ሁሉ ደንዝዟል፤ ሽንታቸው ሳያውቁት ያመልጣቸዋል፤ አንድ እግራቸውም ይጎተታል። እናቷ ስለሚያፍሩ ለማንም እንዳትናገር ብለዋታል።

መልስ 21 እስከ 24

ነርሷ ወዲያውኑ መለሰች። ይህ አድራሻ የሚፈለግበት እንዳልሆነ፣ በወገብ ታችኛው ጫፍ ያለው የነርቭ ጥቅል እየተጨፈለቀ የመሆን ምልክት እንደሆነ፣ በሰዓታት የሚቆጠር ድንገተኛ መሆኑን ጻፈች። ዘግይቶ ከተከፈተ ሽንት መቆጣጠሩም እግሩም ላይመለስ ይችላል። ነገ ጠዋት አይባልም፤ ዛሬ ሌሊት ደሴ ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለባቸው፤ ወደ አዲስ አበባ መላክ ካስፈለገም እዚያው ይወሰናል። ፊዚዮቴራፒስቱ ተከታትለው፣ ማንም እንዳያሻቸው፣ እንዳይስባቸው፣ የኤምአርአይ ፊልሙን እንዳይረሱ አሳሰቡ። እናትየው እንዳያፍሩ፣ ስለ ሽንቱና ስለ ድንዛዜው በመጀመሪያው ደቂቃ ለሐኪሙ እንዲናገሩ ነርሷ ደግማ ለመነች።

ሰባተኛው ሰው ወረኢሉ መኪና ያለው ዘመድ እንዳለውና እየደወለለት እንደሆነ ጻፈ።

ከእኩለ ሌሊት በፊት ልጅቷ መንገድ ላይ መሆናቸውን አሳወቀች። ደሴ ያላችሁ፣ በተለይ ሆስፒታሉ አቅራቢያ፣ እናትየውን ከመኪና የሚያወርድ አልጋና የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ወጥቻለሁ፤ በሩ ላይ ነው የምጠብቃቸው። ደም መስጠት የሚችል ሰው ካለ እዚሁ ሥር ይጻፍ።